ከጥሻ ዳር ላለ ማሳ የሠለጠነ ውሻ

የበቆሎው እሸት መጠጠር ሲጀምር ከጥሻ ዳር የሚያርስ ገበሬ እንቅልፍ ያጣል። ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማና ጃርት ማሳውን ይጎበኙታል። ማማ ላይ የተቀመጠ ጠባቂ በወንጭፍና በጅራፍ ድምፅ ሜዳ ላይ ያለውን አውሬ ያባርራል። አጋምና ቀጋ የተቆላለፈበት፣ የወፍ ቆሎ የወረሰው ጥሻ ውስጥ ያደፈጠውን ግን አያየውም፤ ድንጋዩም አይደርስበትም። አውሬው ጠባቂው እስኪደክም ይጠብቃል። ለቤተሰብ ቀለብ የታሰበ ሰብልም በጥቂት ሌሊቶች ይወድማል።

ዓይን በማያሳይበት ቦታ የሚያሸት አፍንጫ ያስፈልጋል። ለዚህም ውሻን የሚተካ የለም። ይሁን እንጂ ያልሠለጠነ ውሻ ከጥቅሙ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። አውሬ ተከትሎ ርቆ ይጠፋል፤ በቆሎውን ይሰብራል፤ ወይም በአሳማ ክራንቻ ተዘርጥጦ ይመለሳል።

ጥሻ ውስጥ በሚሠሩ ውሾች የረጅም ጊዜ ልምድ ካላቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በዚያ ስፕሪንገር ስፓንየል የሚባለው ዝርያ እሾህ ውስጥ እየገባ ወፍና ጥንቸል በማስበርገግ ለአዳኝ የሚያወጣ ነው። የአሠልጣኞቹ ዋና ሕግ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ውሻው ከሰውየው 30 ሜትር ገደማ በላይ እንዳይርቅ ነው፤ ሁለተኛው የበረገገውን ተከትሎ ከመሮጥ ይልቅ ባለበት እንዲቀመጥ ነው። የማሳ ጠባቂ ዓላማ አደን አይደለም። ሕጉ ግን ለእርሱም ይሠራል፤ በጥሻ ውስጥ የሚፈለገው ውሻ ደፋሩ ሳይሆን ታዛዡ ነውና።

ሥልጠናው የሚጀመረው ከጥሻው ሳይሆን ከግቢ ነው። ቡችላው በመጀመሪያ ሦስት ነገር ይማራል፦ ሲጠሩት መምጣት፣ “ቁም” ሲባል መቆም፣ “ተው” ሲባል መተው። ልምምዱ በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል፤ ሲረዝም ይሰለቻል። ለትእዛዝ ከቃል ይልቅ ፉጨት ይመረጣል፤ ቅጠል በበዛበት ቦታ ጥርት ብሎ ይሰማል። በታዘዘ ቁጥር ቁራሽ እንጀራ ወይም አጥንት ይሰጠዋል። ዘግይቶ የመጣን ውሻ መምታት ግን ትልቅ ስሕተት ነው፤ ውሻው የሚማረው መምጣት እንደሚያስመታ ብቻ ነው።

ግቢ ውስጥ ያለ ስሕተት ሲታዘዝ 10 ሜትር ያህል ገመድ ታስሮበት ወደ ሣር ይወጣል፤ ቀጥሎ ወደ ሳሳ ያለ ቁጥቋጦ ይሸጋገራል። ገመዱ በእሾህ ስለሚጠላለፍ ጥቅጥቅ ባለው ጥሻ ውስጥ አያስፈልግም። ስለዚህ ያለ ገመድ ያልታመነ ውሻ ወደዚያ አይገባም። ገና አጥንቱ ያልጠና ቡችላ በእሾህ ከተጎዳ ጥሻን እንደፈራ ሊቀር ይችላል። ጥሻው ሲፈተሽም ንፋሱ ከፊት ወደ ውሻው እንዲነፍስ መቆም ይገባል፤ ያን ጊዜ ሽታው ራሱ ይመጣለታል።

የማሳ ውሻ ሥራው ማሽተት፣ መጮህና ማራቅ ነው። ብቻውን ከአሳማ ወይም ከዝንጀሮ መንጋ ጋር እንዲጋጠም መላክ ውሻውን ማጣት ነው። ለአውሬውም መውጫ በር ሊተውለት ይገባል፤ የተከበበ አሳማ ይዋጋል። የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ ውሻን ለመግደል ማሠልጠን ከሕግም ጋር ያጋጫል።

ከሥራ በኋላ ያለው ፍተሻ የሥልጠናው ያህል ዋጋ አለው። በጣቶቹ መካከል እሾህ፣ በጆሮው ውስጥ የሣር ፍሬ፣ በብብቱ መዥገር፣ በፀጉሩ ጭጎጎት ይፈለጋል። ጆሮ ውስጥ የገባ የሣር ፍሬ ወደ ውስጥ እየዘለቀ ያመግላል። ጭንቅላቱን ደጋግሞ የሚያራግፍ ውሻ ወደ እንስሳት ጤና ባለሙያ መወሰድ አለበት።

ከሁሉም የሚከፋው አደጋ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ከአውሬ ጋር የሚገናኝ ውሻ በሦስት ወሩ ገደማ መከተብ፣ ከዚያም ክትባቱን በየዓመቱ ማደስ አለበት። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ነው። በስሜን፣ በአቡነ ዮሴፍና በመንዝ ጓሳ አካባቢ ጉዳዩ ከሰውም ያልፋል። ጎልማሳ ቁጥሩ ከ500 በታች የሆነው ቀይ ቀበሮ የእብድ ውሻ በሽታ የሚይዘው ከቤት ውሾች ነው። በባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2003 የተቀሰቀሰው ወረርሽኝ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

“ውሻ በበላበት ይጮኻል” ይባላል። እህሉን እንዲጠብቅ የሚፈለግ ውሻ ከማማው ሥር ይብላ፤ ከማማው ሥር ይተኛ። የሠለጠነ፣ የተከተበና የጠገበ ውሻ ያለው ገበሬ እሸቱ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ቢያንስ በፈረቃ መተኛት ይችላል።