ከዋጃ ወደ ጀርመን፦ 992 ዩሮ ለወር
«ማሽላውም በሬውም ተሸጦ ይበቃዋል ወይ?» አሉኝ አንድ የዋጃ አባት በስልክ። ልጃቸው ጀርመን ሊማር ነው። ለቪዛው ብሎክድ አካውንት በሚባል ዝግ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ይጠየቃል፤ በወር የሚለቀቅለት 992 ብቻ ነው።

ስሌቱን በዩሮ ጀምሩ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አልፏል። በብር ያሰላ ቤተሰብ ጉድ ሆነ!

ከ992ቱ ዩሮ ኪራይና የጤና መድን በቅድሚያ ይነሳሉ። ብዙዎች የሚረሱት የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያ በወር 18.36 ዩሮ ነው፤ ቴሌቪዥን ባይኖራችሁም ይከፈላል። የሚታሰበው በቤት ስለሆነ አብረው የሚኖሩ ይካፈሉታል።

የቤት መያዣ እስከ ሦስት ወር ኪራይ ሊደርስ ስለሚችል ለብቻው ያዙ። በርበሬና ሽሮ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። የእናት ቅቤ ግን ይቅር፣ ጉምሩክ አያሳልፈውም።