ዘጠኝ ዙር ገብቶ አሥራ አንድ የሚወጣበት ማርሽ

ከካዛንቺስ ተነስቶ በኡራኤል አድርጎ ወደ መስቀል አደባባይ የሚሄድ አሮጌ ላዳ ከሦስተኛ ማርሽ በላይ እምብዛም አያስፈልገውም። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ቢሰፋም መብራቱና ሚኒባሱ እንዳሉ ናቸው። ያው መኪና ቱሉ ዲምቱን አልፎ የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ሲወጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አራተኛ ከገባ ቆይቷል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ሹፌሩም እጁን ካምቢዮው ላይ አድርጎ ሌላ ማርሽ ያምረዋል። ኦቨርድራይቭ የሚባለው ለዚህ ሰው የተሠራ ነው።

በብዙ አሮጌ መኪኖች አራተኛ ማርሽ ቀጥታ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግም አንዴ ይዞራል። ኦቨርድራይቭ ላይ የሚወጣው ከሚገባው ይፈጥናል። መኪናው በያዘው ፍጥነት ሲሄድ ሞተሩ ረገብ ይላል፤ ጩኸቱ ይቀንሳል፣ ነዳጅም ይተርፋል።

እንግሊዞች ለዚህ ራሱን የቻለ ዕቃ ነበራቸው። ኤድጋር ደ ኖርማንቪል የፈለሰፈው የሌይኮክ ኦቨርድራይቭ ከካምቢዮው ጀርባ ይታሰርና ሹፌሩ ማብሪያ ሲነካ በዘይት ግፊት ይገባል። ለአሮጌዎቹ ላንድሮቨሮች ደግሞ ፌይሪ የሚባለው ኩባንያ የራሱን ሠርቶ ነበር፤ በትንሽ እጀታ የሚገባ ሲሆን የሞተሩን ዙር 22 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱም ጥሩ ዕቃዎች ናቸው፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ላዳ ያለው ሰው ይህን ያህል አይቸገርም። የመጀመሪያዋ 2101 ባለ አራት ማርሽ ነበረች፤ በኋላ እንደ 2107 ያሉት ባለ አምስት ማርሽም ሆነው መጡ። ስለዚህ ከኋለኞቹ ሙሉ ካምቢዮ መግዛት ይቻላል። ሶማሌ ተራ ላይ ሻጩ «አምስት ማርሽ ነው» ቢል በቃሉ መሄድ አያስፈልግም። ካምቢዮውን መሬት ላይ አስተኝቶ አምስተኛን ማስገባት፣ በሚገባውና በሚወጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፣ ከዚያ የሚገባውን በእጅ ዘጠኝ ጊዜ ማዞር ነው። የሚወጣው አሥራ አንድ ጊዜ ከዞረ አምስተኛው ደህና ነው፤ ሬሾው 0.82 ገደማ ስለሆነ ሒሳቡ እዚያው ላይ ይወድቃል። ዘጠኝ ብቻ ከዞረ የገባው አራተኛ ነው። እግረ መንገዱን ዘንጉ ሲነካ የሚወዛወዝ ወይም የሚያንኳኳ ከሆነ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ባይገዛ ይሻላል።

የቮልስ ባለቤቶች ጋራዥ ገብተው ኦቨርድራይቭ ይታሰርልኝ ሲሉ ግን ፈገግ ያሰኛል። የ1960ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባለ 1200 ሞተር ቮልስ አራተኛ ማርሽ ራሱ 0.89 ነው፤ ኦቨርድራይቩን ይዞ ነው የተወለደው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሞተሩ በደቂቃ 3,200 ዙር ገደማ ይዞራል፤ አራተኛው ቀጥታ ቢሆን ከ3,600 ያልፍ ነበር።

ማርሹን ከዚህ በላይ ላርዝም ለሚል ሰው አዲስ አበባ አትመችም። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ካርቡራተር ያለው ሞተር ከጉልበቱ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። የዚያ ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት እዚህ 26 ያህል ሆነ ማለት ነው። በረዥም ማርሽ ዳገት ላይ ሲያዝ ያቃስታል፣ ይባስ ብሎም ይግላል፤ የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው በሞተሩ ነውና ሞተሩ ሲዘገይ ንፋሱም ይቀንሳል።

አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ስለዚህ ሲሄዱ ኦቨርድራይቭ ደስ ይላል፣ ምንም እንኳ በዚያ ማርሽ ሞተሩ መኪናውን የመያዝ አቅሙ ቢቀንስና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ቢወድቅም። እኔ ብሆን ካምቢዮው ሳይነካ ፍሬኑን አሠራለሁ። ሲመለሱ የሚወስነው ዲፈረንሻሉ ነው፤ የላዳ 2101 በአብዛኛው 4.3 ሲሆን የ2107 3.9 ነው። በ4.3 ዲፈረንሻል አምስተኛው ማርሽ ለስለስ ያለውን ዳገት ሊሞክር ይችላል። 3.9 ከሆነ ግን ከሞጆ ወዲህ ሹፌሩ በአብዛኛው አራተኛን ይዞ ነው የሚመጣው።