የባልንጀራ ድርሻ

ባልንጀራ የሚለው ቃል በየቀኑ ከአፋችን ስለማይጠፋ ምን እንደሚል ቆም ብለን አናዳምጠውም። ቃሉ «ባለ እንጀራ» ከሚለው እንደ መጣ ይነገራል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ባልንጀራ ማለት እንጀራችንን የሚካፈልና እንጀራውን የሚያካፍለን ሰው ማለት ነው። መሶቡ በሞላበት ቤት ይህን ማድረግ ለማንም አያስቸግርም። የባልንጀርነት ዋጋ የሚታወቀው መሶቡ ሲጎድል ነው።

ዛሬ ልንመለከተው ያሰብነው ጉዳይም ይኸው ነው። ሳይመራረጡ የተገናኙና አንድ ዓይነት ችግር የወደቀባቸው ሰዎች እንዴት ባልንጀሮች ይሆናሉ? ችግሩስ ካለፈ በኋላ ባልንጀርነታቸው ወዴት ይደርሳል? በባዶ ቃል ከምናትት፣ በዘመናችን የተፈጸመ አንድ ታሪክ ይዘን ነገሩን እንመርምር።

ሐምሌ 29 ቀን 2002 ዓ.ም. በደቡብ አሜሪካ በቺሊ አገር፣ በአታካማ በረሃ ከኮፒያፖ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ሳን ሆሴ በሚባለው የመዳብና የወርቅ ማዕድን ውስጥ ዓለቱ ተደርምሶ መውጫውን ዘጋው። 33 ሠራተኞች 700 ሜትር ያህል ከምድር በታች በጨለማ ቀሩ። ከመካከላቸው የ63 ዓመት አዛውንትና የ19 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ አንዱ ደግሞ ሥራውን ከጀመረ ገና ጥቂት ቀን የሆነው የቦሊቪያ ተወላጅ ነበር። በመጠለያው የተቀመጠው ምግብ ለሁለት ቀን ያህል እንጂ ከዚያ በላይ የሚያቆይ አልነበረም።

ባልንጀርነት ወዲያው አልተገኘም። በመጀመሪያው ሌሊት ራብና ፍርሃት ያሸነፋቸው አንዳንዶቹ የምግቡን ሣጥን ከፍተው ከስንቁ በሉ። ይህን የምንጠቅሰው ሰዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ችግር ብቻውን ሰውን ባልንጀራ እንደማያደርግ፣ እንዲያውም አንዱን በሌላው ላይ ሊያስነሣ እንደሚችል ለማስረዳት ነው። በአንድ ጉድጓድ መውደቅና ባልንጀራ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለውጡ የመጣው ሥርዓት ሲያበጁ ነው። የፈረቃው አለቃ ሉዊስ ኡርሱዋ የአለቅነቱ ምልክት የሆነውን ነጭ የራስ ቁር አውልቆ፣ ከእንግዲህ ወዲያ አለቃና ምንዝር እንደሌለ ለጓደኞቹ አስታወቀ። ጉዳዩ ሁሉ በድምፅ ብልጫ እንዲወሰን ተስማሙ፤ የ17 ሰው ድምፅ ያገኘ አሳብ ይጸና ነበር። ምግቡም ተቆጥሮ ተመጠነ። እያንዳንዱ ሰው በሁለት ቀን አንድ ጊዜ ሁለት ማንኪያ ያህል የቱና ዓሣ፣ ከጥቂት ወተትና ከብስኩት ጋር ይደርሰው ነበር። የሁሉም ድርሻ ሳይታደል ማንም አይቀምስም። የስኳር በሽታ ያለባትን እናቱን ሲያስታምም መርፌ መውጋት የተማረው ሰው ሐኪም ሆነ፤ ጸሎት የሚያውቀው ጸሎት መራ።

በ17ኛው ቀን፣ ነሐሴ 16፣ ከላይ ሲቆፍር የሰነበተው መሣሪያ ደረሰላቸው። እነርሱም ሠላሳ ሦስቱም በመጠለያው ደኅና መሆናቸውን የሚገልጽ ወረቀት በመሣሪያው ላይ አስረው ወደ ላይ ሰደዱ። እኛ በአገራችን የ2003 ዓ.ም. እንቁጣጣሽን ስናከብር እነርሱ ገና ከምድር በታች ነበሩ። መውጫው በተዘጋጀ ጊዜ የብዙዎቹ ክርክር ማን ቀድሞ ይውጣ የሚል ሳይሆን፣ እኔ ኋለኛ ልሁን የሚል እንደ ነበረ የቺሊ ጤና ሚኒስትር ተናግረዋል። በመጨረሻ የወጣው ኡርሱዋ ነው፤ ቀኑም ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ጉድጓዱ ከተዘጋ 69ኛው ቀን ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ባማረ ነበር! ነገር ግን ከወጡ በኋላ ታሪካቸው በመጽሐፍና በሲኒማ ሲቀርብ፣ በገንዘቡና በመብቱ ነገር ከመካከላቸው ቅሬታና ጠብ ተነሣ። በጨለማ ሁለት ማንኪያ ዓሣ በፍቅር የተካፈሉ ሰዎች በብርሃን ገንዘብ መካፈል ከበዳቸው። ይህ የእነርሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአንድ ዶርም ሆነው አንድ ዳቦ የቆረሱ፣ አንዱ የሌላውን ደብተር እያነበበ ፈተና ያለፉ ተማሪዎች፣ ከተመረቁ በኋላ ለአንድ ወንበር ሲፎካከሩ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ይመስላሉ። ችግር የሰጠውን ባልንጀርነት ምቾት ይወስደዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት አባቶቻችንና እናቶቻችን መልሱን ከብዙ ጊዜ በፊት አግኝተውታል። ዕድርን እንመልከት። ዕድር አባሎቹ እንዲዋደዱ አይጠይቅም፤ መዋጮውን እንዲከፍሉ፣ ጥሩምባ ሲነፋ እንዲወጡ፣ ድንኳኑን እንዲተክሉ ይጠይቃል። የቀረ ይቀጣል። ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የኖረ ጎረቤትም አካፋ ይዞ ይመጣል። ከሁሉም በላይ መዋጮው የሚሰበሰበው ለቅሶ በሌለበት በደኅናው ወር ጭምር ነው። በወንፈልም ቢሆን ዛሬ በአንተ ማሳ የዋልነው ቀን ነገ በእኛ ማሳ ይመለሳል፤ ቀኑም ይቆጠራል። አንዳንድ ሰው ሒሳብ ያለበት ወዳጅነት ወዳጅነት አይደለም ይላል። እኛ ግን ይህን አንቀበልም። ድርሻው በግልጽ የታወቀ ባልንጀርነት ነው ከስሜት በላይ ዕድሜ የሚያገኘው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውም ምሳሌ አንድ አንድ ሎሚ እንዲደርስ ያስባል፤ አንዱ አሥር ቢይዝ ምሳሌው ይፈርሳል።

በደርግ ዘመን «ጓድ» የሚለው ቃል የማዕረግ ያህል ከስም በፊት ይጠራ ነበር። ቃሉ በመጠራቱ ብቻ ጓድነት እንዳልመጣ ያን ዘመን ያዩ ሁሉ ያውቁታል። መጠሪያ ድርሻን አይተካምና።

ይህ ነገር በተለይ ለተማሪውና ሥራ በቅርቡ ለያዘው ወጣት ሠራተኛ የቀረበ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት አበል ያለው የመስክ ጉዞ ለወዳጅ፣ አበል የሌለው አስቸጋሪ ሥራ ለአዲስ ተቀጣሪ የሚሰጥ ከሆነ፣ በበዓል ቀን አብሮ ቡና መጠጣት ባልንጀርነት አያመጣም። የትምህርት ዕድል ሲመጣ በሁሉም ፊት ይታደል፤ የታመመው ጓደኛ ሥራ በተራ ይሸፈን፤ ኃላፊው የራሱንም ድርሻ ከሰልፉ ውስጥ ያስቀምጥ። ይህ ሲሆን የማይዋደዱ ሰዎች እንኳ አብረው ሊሠሩ ይችላሉ፤ አብረው የሠሩም ብዙ ጊዜ ይዋደዳሉ።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። እነዚያ የቺሊ ሠራተኞች በመጀመሪያ በአየር ማስገቢያው በኩል ሊወጡ ሞክረው ነበር። ነገር ግን መሰላሉ እስከ ላይ አልተዘረጋም ነበር። መሰላሉ ተሟልቶ ቢሆን ኖሮ ከሕዝብ ሁሉ አድናቆት ያገኘው ያ ጽናት ምናልባት ባላስፈለገ። ስለዚህ የሌሎች ችግር በእጁ ያለ ሰው የችግረኞቹን መተሳሰብ እያመሰገነ መሰላሉን ከመሥራት ሊሰንፍ አይገባውም። የባልንጀርነት ምስጋና የኃላፊነት መሸሸጊያ ሊሆን አይችልም።

ዛሬ የተማርን ወጣቶች ነገ ወይ መሰላል ሠሪ፣ ወይ ምግብ አዳይ እንሆናለን። ያን ጊዜ መሶቡ በእጃችን ሲገባ አስቀድመን ሰው እንቁጠር፤ ከዚያ በኋላ እንቁረስ።