ሚዛን የማይነግረን ክብደት

አንድ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ የሚያነበው ቁጥር የመላ አካሉን ክብደት ያመለክታል። ቁጥሩ ግን ያ ክብደት ከምን ከምን እንደ ተገኘ አይናገርም። የሰው ክብደት በሁለት ሊከፈል ይችላል። አንደኛው ስብ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጡንቻው፣ የአጥንቱ፣ የሆድ ዕቃው፣ የደሙና በአካሉ ውስጥ ያለው ውሃ ክብደት ድምር ነው። ይህ ሁለተኛው ክፍል ከስብ ነፃ የሆነ ክብደት ይባላል።

ሁለቱን መለየት ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1942 ዌልሃምና ቤንኪ የተባሉ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሐኪሞች 25 የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋቾችን መረመሩ። በዘመኑ በነበረው የቁመትና የክብደት ሠንጠረዥ መሠረት ከእነዚህ መካከል 17ቱ ከመጠን በላይ ከባድ ስለ ሆኑ ለውትድርና ብቁ አይደሉም ሊባሉ ይችሉ ነበር። ነገር ግን ምርመራው እንዳሳየው የብዙዎቹ ክብደት የመጣው ከስብ ሳይሆን ከጡንቻ ነበር። ሠንጠረዡ ብርቱውን ሰው ከወፍራሙ መለየት አልቻለም ማለት ነው።

ሐኪሞቹ ይህን ያወቁት ተጫዋቾቹን በውሃ ውስጥ በመመዘን ነው። አንድ ሊትር ስብ 900 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ከስብ ነፃ የሆነ አካል 1100 ግራም ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ስብ የበዛበት አካል በውሃ ውስጥ ይበልጥ ይቀላል። ይህ ዘዴ መልካም ቢሆንም ልዩ መሣሪያ ስለሚጠይቅ በየጤና ጣቢያው ሊሠራበት አይችልም።

ስለዚህ ተመራማሪዎች ሚዛንና ሜትር ብቻ የሚጠይቁ ቀመሮችን አዘጋጁ። ቦር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ቀመር ከእነዚህ አንዱ ነው። ለወንድ ክብደቱን በኪሎ ግራም ወስዳችሁ በ0.407 ታባዛላችሁ፤ ቁመቱንም በሴንቲ ሜትር ወስዳችሁ በ0.267 ታባዛላችሁ፤ ሁለቱን ደምራችሁ 19.2 ትቀንሳላችሁ። ለሴት ማባዣዎቹ 0.252 እና 0.473 ሲሆኑ የሚቀነሰው 48.3 ነው።

ለምሳሌ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ወንድ እንውሰድ። 60 በ0.407 ሲባዛ 24.42፣ 170 በ0.267 ሲባዛ 45.39 ይሆናል። ከድምሩ ከ69.81 ላይ 19.2 ሲቀነስ 50.61 ይቀራል። እንግዲህ ከስብ ነፃ የሆነው ክብደቱ 50.6 ኪሎ ግራም ያህል፣ ስቡ ደግሞ 9.4 ኪሎ ግራም ያህል ነው ተብሎ ይገመታል።

እንዲህ ያለው ግምት ለሐኪም ይጠቅማል። በስብ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም አነስተኛ በመሆኑ፣ የአንዳንድ ማደንዘዣዎች መጠን የሚወሰነው በመላው ክብደት ሳይሆን ከስብ ነፃ በሆነው ክብደት ነው። በጣም ወፍራም ለሆነ ሰው መድኃኒቱ በመላ ክብደቱ ልክ ቢሰጠው ከሚገባው በላይ ሊሆንበት ይችላል።

ይሁን እንጂ የቀመሩን ወሰን ማወቅ ይገባል። ቁመታቸውና ክብደታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ወንዶች ቢኖሩ፣ አንዱ ቀኑን ሙሉ ሸክም የሚያነሣ፣ ሌላው ከወንበር የማይነሣ ቢሆንም፣ ቀመሩ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣል። ቀመሩ የተገኘው ከብዙ ሰዎች አማካይ ነውና፣ የእያንዳንዱን ሰው ጡንቻ ለይቶ አያይም። ከዚህም በላይ የተዘጋጀው ለአዋቂዎች ነው። የእናንተ አካል ገና በማደግ ላይ ስለሆነ በዚህ ቀመር ራሳችሁን መመዘን አይገባችሁም።

ስለዚህም በጽሑፋችሁ ውስጥ «50.6 ኪሎ ግራም ነው» በማለትና «50.6 ኪሎ ግራም ያህል ይገመታል» በማለት መካከል ያለውን ልዩነት ልብ በሉ። የመጀመሪያው አንባቢው ቁጥሩን እንደ ተለካ አድርጎ እንዲቀበል ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ግን የተሰላ ግምት መሆኑን ያስታውቀዋል። «ያህል» የምትለው አጭር ቃል ከዐረፍተ ነገሩ ብትወጣ ግምቱ እንደ ልኬት ይቆጠራል።