ጣናን የማያውቀው ውሃ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ሲደርስ በግራ በኩል መሬቱ በድንገት ያልቃል። ከገደሉ ሥር የአርማጭሆ ሸንተረር አንዱ በሌላው እየተደረበ ወደ ሱዳን ያዘቀዝቃል። ይህ ጠርዝ ውሃም ይለያል። ወደ ደቡብ የፈሰሰው ዝናብ ጣና ይገባል፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ የወረደው ግን ጣናን አያውቀውም።

መልክዓ ምድሩን ለማያውቅ ሰው የወንዙ ስም ራሱ ያደናግራል። አንገረብ ሁለት ነው። ትንሹ አንገረብ በጎንደር ከተማ በስተምሥራቅ ወርዶ ከቀሃ ጋር ከተገናኘ በኋላ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። ታላቁ አንገረብ ከዳቋ አካባቢ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ የሳንጃ አካባቢ ውሃም ወደ እርሱ ነው የሚወርደው። ድንበር ሲሻገር ሱዳኖች ባሕር አስ-ሰላም ይሉታል። ከዚያም ከጭልጋ በኩል ከሚመጣው ከጓንግ ጋር ሆኖ የአትባራ ወንዝ ይሆናል፤ ዝቅ ብሎ ተከዜ ይጨመርበታል። ከካርቱም በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአትባራ ከተማ፣ ጣናንና የአባይን ሸለቆ ዞሮ የመጣው፣ ከጠርዙ ወደ ሰሜን ምዕራብ የወረደው ያ ዝናብ በጣና በኩል ከመጣው ወንድሙ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ ናይል እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ሌላ ገባር የለውም።

አባይ ዘፈንም ድርድርም አለው። አትባራ ሁለቱም የሉትም፤ ጠባዩ ግን ከአባይ የባሰ ነው። በበጋ የአትባራ አሸዋ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል፤ ክረምት ሲገባ በአንድ ሌሊት ይሞላል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በሰኔ 1861 በደረቁ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ሳለ ሌሊት ጎርፉ እያጓራ ሲመጣ አይቶ ጽፎታል። የግብፅን ለም አፈር የሚያመጡት እነዚህ የሐበሻ ገባሮች ናቸው ሲልም ተከራክሯል።

ያ አፈር የኛ ማሳ ነው። ከጠርዙ በታች ያለው ቁልቁለት ዛፉን ያቆየው ማረሻ በማይቆምበት ገደልና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ነው፤ የቀረው ታርሷል። ዝቅ ሲል የዕጣን ዛፍና ሽመል የበቀለበት ቆላ ይመጣል። እዚያ ደግሞ የሰሊጡ ምንጣሮ አለ። ዛፍ የሌለው ተዳፋት የሐምሌን ዝናብ ለአንድ ቀን እንኳ መያዝ አይችልም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1964 በዚሁ በአትባራ ላይ የሠራችው የካሽም ኤል-ጊርባ ግድብ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዝ ነበር፤ ደለሉ ግማሽ ያህሉን ወስዶበታል፤ ስለዚህ በየዓመቱ በሩ ተከፍቶ ይታጠባል። ከጠርዙ ወዲህ ያለውም አልዳነም። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በትንሹ አንገረብ ላይ የተሠራው ግድብ ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ በደለል ተጎድቷል፤ ይተካዋል የተባለው የመገጭ ግድብም ከአሥር ዓመት በላይ ተጓቷል። የጎንደር ሰው ስለ ውሃ ፈረቃ ሲያማርር ይሰማል፤ የተራቆተውን ተራራ ሲወቅስ ግን ብዙም አይሰማም።

ቆላ ባለችው በሳንጃ ከተማ ጉዳዩ በግድብ አይለካም፤ በሕፃናት ጤና ነው የሚለካው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ በከተማዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች ከ10ሩ 8ቱ ገደማ የብልሃርዝያ ትል ተገኝቶባቸዋል። ምክንያቱም ያው የወንዙ ጠባይ ነው። በሽታውን የሚያስተላልፈው ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚወደው ዝግ ያለ ውሃ ነው፤ በጋ ላይ ወንዙ ሲቆራረጥ ኩሬው ለእርሱ ይመቸዋል። ልብስ የሚታጠበው፣ ከብት የሚጠጣው፣ ልጅ የሚዋኘውም እዚያው ነው። ቆላው ሙቀት ሲበረታበት ልጅን ከውሃ መከልከል ከንቱ ልፋት ነው።

ፕራዚኳንተል የሚባለው ክኒን በየትምህርት ቤቱ ሲታደል ትሉን ይገድላል፤ ዳግም እንዳይዝ ግን አያግድም። ክኒኑን የዋጠ ልጅ ቅዳሜ ወደዚያው ኩሬ ይመለሳል። ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ካልተጨመሩ ዕደላው በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ የቧንቧው ነገር ደግሞ በጋውን ሙሉ የሚፈልቅ ምንጭ ይፈልጋል። ምንጩን የሚያቆየው ደን መኖር ያለበት በላይ አርማጭሆና በወገራ ተዳፋት ላይ ነው። የዚያ ገበሬ ሳንጃን የሚያውቀው ለሰሊጥ አጨዳ ሲወርድ ነው፤ ዛፍ ቢተክል የሚጠቀመውን ልጅ አያውቀውም፣ የሚከፍለውም የለም። የወረዳ አስተዳደሩም ላይ አርማጭሆና ታች አርማጭሆ ተብሎ ተከፍሏል።