ትክክለኛው ጣቢያ የቱ ነው? የባቡር ጉዞና የጊዜ ሒሳብ

የባቡር ጉዞ ከመኪና ጉዞ የሚለይበት ዐቢይ ጠባይ አለው። መኪና ከየትም ተነሥቶ ወደየትም ሊታጠፍ ይችላል። ባቡር ግን ከሐዲዱ አይወጣም፤ ከጣቢያው ውጭ አያሳፍርም፤ የዘገየ ተሳፋሪንም ቆሞ አይጠብቅም። በመሆኑም ተጓዡ ከቤቱ ሳይወጣ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ግድ ይለዋል። ከየትኛው ጣቢያ ልነሣ? የት ልቀይር? በቅያሪው ላይስ ስንት ደቂቃ ልተው? በዚህ ጽሑፍ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሒሳብ የሚሰጠውን መልስ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

አንድ ከተማ ለምን ብዙ ጣቢያ ይኖረዋል?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓን ሐዲዶች የዘረጉት በአብዛኛው የተለያዩ የግል ኩባንያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ ኩባንያ ከመጣበት አቅጣጫ በከተማው ዳርቻ የየራሱን ጣቢያ ሠራ። በለንደን በ1846 የተቋቋመ ንጉሣዊ ኮሚሽን ሐዲዶች ወደ መሐል ከተማው ዘልቀው እንዳይገቡ ሐሳብ በማቅረቡ ጣቢያዎቹ መሐል ከተማውን እንደ ቀለበት ከበውት ቀሩ። በፓሪስም ስድስት ታላላቅ ጣቢያዎች ይገኛሉ፤ እያንዳንዳቸውም የየራሳቸውን አቅጣጫ ያገለግላሉ።

ውጤቱን በምሳሌ እንየው። ከለንደን ተነሥቶ በፓሪስ በኩል ወደ ሊዮን የሚሄድ መንገደኛ የሚደርሰው ጋር ዱ ኖር ወይም «የሰሜን ጣቢያ» በተባለው ቦታ ነው። የሊዮን ባቡር የሚነሣው ግን ከጋር ደ ሊዮን በመሆኑ ከተማውን ማቋረጥ አለበት። ከ1995 ጀምሮ ኤር ኧ ኤር ዲ የተባለው የከተማ ባቡር ሁለቱን ጣቢያዎች ሻትሌ በተባለው የምድር ውስጥ ጣቢያ በኩል ያለ ቅያሪ ያገናኛል። ይኸው መንገደኛ ወደ ስትራስቡር ቢሄድ ኖሮ ወደ ጋር ደ ሌስት፣ ማለትም «የምሥራቅ ጣቢያ»፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ቢሄድ ይበቃው ነበር። ከሊል ወደ ሊዮን የሚሄደው ደግሞ በ1994 በተከፈተው የሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ በኩል የሚያልፍ ፈጣን ባቡር ቢይዝ ወደ መሐል ፓሪስ መግባት አያስፈልገውም። እንግዲህ «በፓሪስ በኩል» ማለት ብቻውን የጉዞ ዕቅድ ሊሆን አይችልም።

የዳይክስትራ ዘዴ

እንዲህ ያለውን ምርጫ በሥርዓት ለመወሰን የሚያስችለውን ዘዴ ያገኘው ኤድስገር ዳይክስትራ የተባለ የሆላንድ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነው። ዳይክስትራ ራሱ እንደተናገረው፣ በ1956 በአምስተርዳም አንድ ቡና ቤት ተቀምጦ ሳለ ያለ ወረቀትና እርሳስ በሃያ ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ አሰበው፤ በ1959ም አሳተመው። ዘዴው ቦታዎችን እንደ ነጥብ፣ በመካከላቸው ያለውን ጉዞ እንደ መስመር፣ የጉዞውን ጊዜ ደግሞ በመስመሩ ላይ እንደተጻፈ ቁጥር ይቆጥራል።

ቤታችን ሀ፣ ሁለት ጣቢያዎች ለ እና መ፣ መድረሻችን ደግሞ ሠ ይሁኑ እንበል። በታክሲ ከሀ ወደ ለ 10 ደቂቃ፣ ከሀ ወደ መ 25 ደቂቃ ይፈጃል። በባቡር ከለ ወደ መ 8፣ ከለ ወደ ሠ 40፣ ከመ ወደ ሠ 15 ደቂቃ ይወስዳል። የዳይክስትራ ሕግ «ገና ካልተወሰኑት ነጥቦች መካከል ቶሎ የሚደረስበትን ወስን፤ ከእርሱም ተነሥተህ የቀሩትን አሻሽል» የሚል ነው። መጀመሪያ ለ በ10 ይወሰናል። በለ በኩል ሲታይ መ ከ25 ወደ 18 ይወርዳል፤ ሠ ደግሞ 50 ይሆናል። ቀጥሎ መ በ18 ይወሰናል፤ በእርሱ በኩል ሠ ወደ 33 ይወርዳል። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ሀ፣ ለ፣ መ፣ ሠ ነው።

ይህ ስሌት ግን የቅያሪን ጊዜ ዘንግቷል። ከለ የመጣው ባቡር መ ከደረሰ በኋላ የሠ ባቡር እስኪነሣ 20 ደቂቃ የሚያስጠብቅ ከሆነ ድምሩ 53 ይሆናል፤ ከለ በቀጥታ የሚሄደው ባቡር በ50 ይበልጠዋል። ከሁለቱም የሚሻለው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። የባቡሩን ሰዓት አይቶ ከቤት በመነሣት በታክሲ በቀጥታ ወደ መ መሄድ 40 ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። ለቤት የቀረበው ጣቢያ ለመድረሻ የቀረበው ላይሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

የመጠበቅ ሒሳብ

ባቡሮች በእኩል ልዩነት የሚመጡ ከሆነ፣ ሰዓቱን ሳያይ ጣቢያ የደረሰ ሰው በአማካይ የልዩነቱን ግማሽ ይጠብቃል። ልዩነቱ 15 ደቂቃ ከሆነ 7.5 ደቂቃ ማለት ነው። ባቡሮቹ አንዴ በ5፣ አንዴ በ25 ደቂቃ ቢመጡስ? የልዩነቶቹ አማካይ አሁንም 15 ነው። ይሁን እንጂ ተጓዡ በረጅሙ ክፍተት ውስጥ የመድረስ ዕድሉ ከ6 እጅ 5 እጅ ነው። ስለሆነም አማካይ ጥበቃው (5² + 25²) ÷ (2 × 30) = 10.8 ደቂቃ ይሆናል። የባቡሮቹ ቁጥር ሳይቀንስ ሥርዓታቸው በመዛባቱ ብቻ ጥበቃው ጨመረ።

የቅያሪ ጊዜም እንዲሁ በስሌት ይመዘናል። በቅያሪ ላይ 4 ደቂቃ ብቻ ያለው ጉዞ ከአምስት ጊዜ አንዴ ያመልጠናል እንበል። ቀጣዩ ባቡር ከ60 ደቂቃ በኋላ ከሆነ አማካይ ኪሳራው 12 ደቂቃ ነው። 15 ደቂቃ ቀድሞ መነሣት ቅያሪውን ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ የሚያደርገው ቢሆንም እንኳ፣ አማካዩ «አትቅደም» ይለናል። ሆኖም ተጓዡ ወደ ፈተና የሚሄድ ተማሪ ከሆነ የአንድ ሰዓት መዘግየት የዓመት ድካሙን ሊያጠፋበት ስለሚችል አማካዩ ብቻውን ሊመራው አይገባም። በተቃራኒው ቀጣዩ ባቡር ከ10 ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ከሆነ አማካይ ኪሳራው 2 ደቂቃ ብቻ ስለሚሆን ጠባቡ ቅያሪ አያሳስብም። ባጭሩ፣ ባቡሩ ሲያዘወትር ትንሽ ትርፍ ጊዜ ይበቃል፤ ሲራራቅ ግን ብዙ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ትርፍ ጊዜ የሚሻው የዕለቱ የመጨረሻ ባቡር ነው።

ፍጥነት ሳይሆን መገጣጠም

ይህን ሒሳብ በአገር ደረጃ በሥራ ላይ ካዋሉት መካከል ስዊዘርላንድ ቀዳሚውን ቦታ ትይዛለች። ከ1982 ጀምሮ ባቡሮቿ በየሰዓቱ በተመሳሳይ ደቂቃ እንዲነሡ ተደረገ። በ1987 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀው ዕቅድ ደግሞ ባቡሮች ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በዋና ዋና ጣቢያዎች እንዲሰበሰቡ፣ ሰዓቱ እንደሞላም እንዲበተኑ የሚያደርግ ነበር። ለዚህም በዋና ጣቢያዎቹ መካከል ያለው ጉዞ ከአንድ ሰዓት ጥቂት ማነስ ነበረበት። በ2004 አዲስ ሐዲድ ሲከፈት ከዙሪክ በርን የሚፈጀው ጊዜ ከ69 ወደ 56 ደቂቃ ወረደ። የተቆጠበው 13 ደቂቃ ብቻ ቢመስልም፣ በ69 ደቂቃ የሚደርስ ሰው በ60ኛው ደቂቃ ግድም የሚነሡት ባቡሮች አምልጠውት የሚቀጥለውን ሰዓት ይጠብቅ ነበር። ጉዞው ወደ 40 ደቂቃ ቢያጥር ኖሮ ግን ለሚቀይረው መንገደኛ ተጨማሪ ጥቅም ባላስገኘለት ነበር፤ የቀደመበትን ጊዜ በጣቢያው ቆሞ ይጨርሰዋልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የጅቡቲ ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ጣቢያ አንድ ብቻ ነበር፤ «ለገሃር» የሚለው ስምም ጣቢያ ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መንገደኞቹን የሚያሳፍረው ግን ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። በ2015 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በለገሃር ቢያልፍም ለቡ አይደርስም። ስለዚህ የድሬዳዋ መንገደኛ እስከ ለቡ የሚያደርሰውን የመኪና ጉዞ የዕቅዱ አካል አድርጎ ማስላት አለበት። ባቡሩ በየሰዓቱ የሚነሣ ስላልሆነ ያመለጠው ሰው ኪሳራው በደቂቃ ሳይሆን በቀን ይቆጠራል።

ቀላል ባቡሩ ራሱ ጥሩ መለማመጃ ነው። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ እንዲሄዱ የተነደፉት ሁለት መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ ባሉት አምስት ጣቢያዎች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ከአያት መጥቶ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ሰው በመጀመሪያው የጋራ ጣቢያ፣ በስታዲየም፣ መውረድ አለበት፤ አልፎ ቢሄድ ያንኑ መንገድ ይመለሰዋል። ከአያት ወደ መርካቶ አቅጣጫ የሚሄደውስ? በአንድ ሐዲድ ላይ ባቡር ባቡርን ቀድሞ ስለማያልፍ፣ ስታዲየምም ቢወርድ ልደታ፣ ከኋላው የሚመጣው ያው አንድ ባቡር ነው። ምርጫው ጊዜውን አይለውጥም፤ ስለዚህ ጥላና ቦታ ያለበትን ጣቢያ ይምረጥ።

በመጨረሻም ለአንባቢያን አንድ መልመጃ እንተዋለን። ባቡሮች አንዴ በ2፣ አንዴ በ18 ደቂቃ ልዩነት ቢመጡ ሰዓቱን ሳያይ የደረሰ ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? መልሱ 5 ሳይሆን 8.2 ደቂቃ ነው። ለምን እንደሆነ ከላይ ባየነው ስሌት አረጋግጡ። ቀጥሎም በየዕለቱ በምትጠቀሙበት ታክሲ ወይም አውቶቡስ ተራ የአንድ ሳምንት ልዩነቶችን መዝግባችሁ ስሌቱን ፈትኑት።