የጉልበት ቁርጥማትና በስልክ የሚደርስ ክትትል

በኮልፌ ቀራንዮ ዳገታማ ሰፈሮች የሚኖሩ፣ ክብደታቸው የጨመረና ጉልበታቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አረጋውያን ዘነበወርቅ ወደሚገኘው አለርት ሆስፒታል ለፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ለሚሰጥ ሕክምና፣ በየሳምንቱ ይመላለሱ ቢባል፣ ታክሲ መሳፈሩና መውረዱ ብቻ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል። ባለሙያው በስልክ እየተከታተለ የሚመራው የቤት ውስጥ እንቅስቃሴ ትኩረት የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም ሥር የሰደደ ይባላል። ውፍረትና ይህ ሕመም አንዱ ሌላውን ያባብሳል፤ የሰውነት ስብ ብግነትን፣ ማለትም የሕብረ ሕዋስ መቆጣትን፣ የሚያነሣሡ ንጥረ ነገሮችን ይረጫል፣ ክብደቱም መገጣጠሚያውን ይጫናል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ ኪሎ መቀነስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በአራት ኪሎ ያህል ያቀላል። ሕመምን ፈርቶ መቀመጥ ግን የጭንን ጡንቻ ያሰልላል፤ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንትም የደም ሥር ስለሌለው፣ ምግቡን የሚያገኘው በእንቅስቃሴ እንደ ስፖንጅ ሲጨመቅና ሲለቀቅ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። «ያመመውን ጉልበት ማሳረፍ ነው» የሚለው የቆየ ምክር ጉዳት የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው።

በሰሜን ካሮላይና በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ጄሰን ፋኒንግና ባልደረቦቹ «ሞርፍ» በተባለው ጥናታቸው እንዲህ ያሉ አረጋውያንን በቪዲዮ ጥሪና በስልክ መተግበሪያ ሲከታተሉ፣ በቀን አንዴ ከሚሠራ ስፖርት ይልቅ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መነሣትና መንቀሳቀስን አስቀድመዋል። ይህ አካሄድ ለኮልፌ ቤቶች የሚስማማ ይመስላል፤ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከአቦል እስከ በረካ መቆየት ጉልበትን አጥብቆ ስለሚያጥፍ፣ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ ከእያንዳንዱ ስኒ በኋላ እስከ ደጅ ደርሶ መመለስ፣ የቻለም በእጁ ሳይደገፍ ከወንበሩ ጥቂት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፣ ቡናውን ሳያስተጓጉል ልምምድ ይሆናል።

ስማርት ስልክ የግድ አያስፈልግም። በተራ ስልክ ደውሎ «እማማ፣ ትናንት ከተንቀሳቀሱ በኋላ ሕመሙ ዛሬ ጠዋት እንዴት አደረ?» ብሎ መጠየቅ ዋናውን መረጃ ይሰጣል፤ ሕመሙ በማግስቱ ወደ ወትሮው ከተመለሰ መጠኑ ተስማምቷል፣ ብሶ ካደረ ግን ይቀነሳል እንጂ አይቋረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለአረጋውያን ያወጣው ምክር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንን የሚያጠናክር ልምምድ ነው፤ ነገር ግን በአምስት ደቂቃ የሚጀምር ሰውም ይጠቀማል። የደም ግፊትን፣ የወንበሩን ከፍታና የወለሉን ሁኔታ ለማየት የመጀመሪያው ጉብኝት በአካል መሆን አለበት፤ ይህንንም ቤት ለቤት የሚዘዋወሩት የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሊፈጽሙት ይችላሉ። ጉልበቱ ድንገት ካበጠና ከተኮሰ፣ ወይም በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረት ካመመ፣ የስልክ ምክር አይበቃም፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።